ዋርካን በመዝገብ ያሰፈረው ሰው፦ የፒተር ፎርስኮል ሕይወት



በዚህ እትም ታሪኩን የምናወሳው ሰው ሙስሊም አልነበረም፣ የኢትዮጵያን መሬትም አልረገጠም። የቄስ ልጅ ነው፤ የተወለደውም ከእኛ እጅግ በራቀ ብርዳማ አገር ነው። ይሁንና ከጭሮ፣ ከሂርና፣ ከበዴሳ፣ ከገለምሶና ከመቻራ ለመጣን ተማሪዎች ስሙ ከጓሯችን ጠፍቶ አያውቅም፤ እኛ ሳናውቀው ቆየን እንጂ።

እንዴት እንደደረስንበት እንንገራችሁ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሳለን በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንድ ዛፍ ሣሉ። ግንዱ አንድ፣ ቅርንጫፉ ብዙ ነው። በየቅርንጫፉ ጫፍ የዕፅዋትና የእንስሳት ስም ጻፉበትና የዛሬ ባዮሎጂስቶች ሕያዋንን የሚመድቡት በመልክ ሳይሆን በትውልድ ሐረግ እንደሆነ አስረዱን። ክፍሉ ጸጥ አለ። ማታ ዶርም ውስጥ ግን ጸጥታ አልነበረም። ከፊሎቻችን ይህን ለፈተና ብቻ አጥንቶ መርሳት ይሻላል አልን። ከፊሎቻችን ደግሞ ያልገባንን ነገር መቃወምም መቀበልም ተገቢ አይደለም ብለን ተከራከርን። በመጨረሻ የአገራችንን ዛፎች ሳይንሳዊ ስም ፍለጋ መጽሐፍ ስናገላብጥ፣ ከዋርካ ስም መጨረሻ ላይ «ፎርስክ.» የምትል ቁራጭ ቃል አየን። ከሾላ ስም መጨረሻም አለች። ከቀለዋም አለች። ጫት ጋ ስንደርስ እዚያም አገኘናት። በዕፅዋት ስም መጨረሻ የሚጻፈው መጀመሪያ የሰየመው ሰው ስም እንደሆነ ያኔ አወቅን። የሕይወት ታሪኩንም ማንበብ ጀመርን።

ልጅነትና ትምህርት

ፒተር ፎርስኮል የተወለደው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 1732 በሄልሲንኪ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፊንላንድ ያኔ በስዊድን ሥር ነበረች። ቤተሰቡ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ወደ ስዊድን ተዛወረ፤ እሱም በ10 ዓመቱ በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ላይ ስሙ ሰፈረ።

በኡፕሳላ ካስተማሩት ሁሉ ዝነኛው ካርል ሊኔየስ ነው። ለእያንዳንዱ ዕፅና እንስሳ ሁለት ቃል ያለው ስም የመስጠትን ልማድ ያጸናው ሊኔየስ ሲሆን፣ በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ ቡናን ኮፊያ አራቢካ ብሎ የሰየመውም እሱ ነው። የቡናው መነሻ የእኛ አገር ደን ሆኖ ሳለ ስሙ የዐረብ ሆኖ ቀረ፤ ቡና ለአውሮፓ ይደርስ የነበረው በየመን ወደቦች በኩል ነበርና።

የሊኔየስ አመዳደብ ለማንም የሚገባ ነበር። አበባውን ከፍቶ የወንዴ ዘንጎቹን፣ ማለትም ስታሜን የሚባሉትን፣ መቁጠር ነው። አንድ ከሆነ አንደኛ ክፍል፣ ሁለት ከሆነ ሁለተኛ፣ አምስት ከሆነ አምስተኛ ክፍል ይገባል። መቁጠር የቻለ ተማሪ ሁሉ ያልታወቀ ዕፅ አምጥቶ ቦታ ሊሰጠው ይችላል። ሊኔየስ ራሱ ይህ ለሥራ እንዲመች የተበጀ ዘዴ እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ የዕፅዋቱን እውነተኛ ዝምድና ያሳያል ብሎ አልተመካበትም።

ፎርስኮል ከዕፅዋት ትምህርት ሌላ ሁለት ነገሮች ይስቡት ነበር፤ ቋንቋና ፍልስፍና። በጀርመን አገር በጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሚካኤሊስ ከተባለው የምሥራቅ ቋንቋዎች ሊቅ ዘንድ ዐረብኛ አጠና። በ1756 ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ በዘመኑ በገነነው ፍልስፍና ላይ ያለውን ጥርጣሬ የሚዘረዝር ነበር። ወደ ስዊድን ሲመለስ በ27 ዓመቱ ስለ ዜጎች ነፃነት ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ፤ ሰዎች ሐሳባቸውን ያለ ፍርሃት ማሳተም እንዲችሉ ጠየቀበት። በኖቬምበር 1759 በ500 ቅጂ ታትሞ ወዲያው ታገደ። ቅጂዎቹን እንዲሰበስብ የታዘዘው በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ የነበረው የገዛ መምህሩ ሊኔየስ ነበር። ተፈልገው የተገኙት 79 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት በሰው እጅ ተሰውረው ቀሩ። ስዊድን የፕሬስ ነፃነትን በሕግ ያጸደቀችው ከ7 ዓመት በኋላ በ1766 ነው፤ ፎርስኮል ግን ያንን ለማየት አልታደለም።

ስድስት ሆነው ወጡ

በዚያ ዘመን የዴንማርክ ንጉሥ ፍሬድሪክ 5ኛ ወደ ዐረብ ምድር የጥናት ቡድን ለመላክ ወሰነ። ሐሳቡን ያቀረበው ያው ሚካኤሊስ ነበር። የተመረጡት አምስት ምሁራንና አንድ አገልጋይ ናቸው፦ የቋንቋ ሰው ፎን ሃቨን፣ የተፈጥሮ ተመራማሪው ፎርስኮል፣ የካርታ ባለሙያው ካርስተን ኒቡር፣ ሐኪሙ ክራመር፣ ሠዓሊው ባውረንፋይንድና አገልጋዩ በርግሬን። በጃንዋሪ 4 ቀን 1761 ከኮፐንሃገን በመርከብ ተነሡ።

ፎርስኮልና ፎን ሃቨን ከመጀመሪያው አልተስማሙም። ጠባቸው እየከረረ ሄዶ፣ ፎን ሃቨን ኢስታንቡል ላይ አርሴኒክ የተባለውን መርዝ መግዛቱ ሲሰማ ሌሎቹ ለነፍሳቸው ፈሩ። መርዙ ማንንም ሳይነካ ቀረ። የግሩፕ ፕሮጀክት ሠርተን ለምናውቅ ሰዎች የዚህ ቡድን ነገር እንግዳ አይሆንብንም፤ ስድስት ሰው በአንድ ጉዳይ ተላከ ማለት ስድስት ልብ አንድ ሆነ ማለት አይደለም።

በሴፕቴምበር 1761 እስክንድርያ ደርሰው በግብፅ አንድ ዓመት ያህል ቆዩ። ፎርስኮል ዐረብኛውን ያሻሻለው እዚህ ነው። ዕፅ ፍለጋ ሲወጣ የገበሬ ልብስ ይለብስ ነበር፤ ያም ሆኖ ከመንገድ ዘራፊዎች አላመለጠም። ከዚያ በስዊዝ በኩል ቀይ ባሕርን ይዘው ወደ ጂዳ ወረዱ። በየወደቡ ዓሣ ይገዛና ቆዳውን ገፍፎ እንደ ቅጠል በወረቀት ላይ አድርቆ ያስቀምጥ ነበር። እነዚያ የደረቁ ዓሦች ዛሬም በኮፐንሃገን ሙዚየም አሉ።

የመን

በዲሴምበር 1762 መጨረሻ ሉሐያ ከተባለችው የየመን ወደብ ደረሱ። የተቀበላቸው የከተማዋ ገዥ አሚር ፈርሓን ነው። ይህ ሰው ከአፍሪካ የተወለደ፣ በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ ባሕር የተሻገረና በመጨረሻ ለገዥነት የበቃ ነበር። እንግዶቹን በክብር አስተናገዳቸው፤ ያለ ስጋት እየተዘዋወሩ መሥራት የቻሉትም ከዚህ ጀምሮ ነው።

ፎርስኮል በየመን በአህያ እየተጓዘ ቆላውን አቋርጦ ወደ ደጋው ወጣ። ያኔ ታላቅ የቡና ገበያ ወደነበረችው ወደ በይት አል-ፈቂህና በላይዋ ወዳሉት የቡና ተራሮች ሄደ። ቡናውና ጫቱ በተራራ ወገብ ላይ በእርከን ተተክለው አየ። ከጭሮ ወደ ሂርና ወይም ወደ በዴሳ የተጓዘ ሰው ይህን ለማሰብ አይቸገርም፤ የጨርጨር ደጋ ያው መልክ አለው። ሐሩር ቆላ፣ ከዚያ እርከን፣ ከዚያ ብርዳማ ተራራ። ፎርስኮልም ዕፅዋቱ ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ እንዴት እንደሚለዋወጡ ልብ ብሎ መዝግቧል።

የአሠራሩ ትልቁ ነገር ግን ጆሮው ነበር። ያገኘውን ዕፅ ይዞ ገበሬውን፣ እረኛውን፣ ነጋዴውን ስሙንና ጥቅሙን ይጠይቃል፤ የሰማውን የዐረብኛ ስም ይጽፋል። ብዙ ጊዜም ያንኑ ስም ለሳይንሱ መጠሪያ አደረገው። ቃት የሚለውን የየመኖች ቃል ካታ ብሎ ወሰደና የሚበላ የሚል የላቲን ቃል ጨመረበት። እኛ ጫት፣ በኦሮምኛ ጂማ የምንለው ዕፅ በዓለም መዝገብ ካታ ኤዱሊስ የሆነው እንዲህ ነው። ስለ ጫት ሸሪዓዊ ብይን የሚናገሩ ዑለማዎች አሉን፤ በዚህ ዓምድ የምናነሳው ስሙን ብቻ ነው።

የመን ውስጥ ካገኛቸው ሁሉ በጣም ያስደሰተው የበለሳን ዛፍ ነበር። ይህ የጥንት መጻሕፍት ሽቶውን የሚያወድሱት ዛፍ የት እንደሚበቅል ለማወቅ ሊኔየስ ለዓመታት ይጓጓ ነበር። በ1763 ፎርስኮል ዛፉን በዓይኑ አይቶ ቅርንጫፉን ለመምህሩ ላከለት። በለሳን ከከርቤ ጋር አንድ ወገን ነው፤ የእጣን ዛፍም የቅርብ ዘመዱ ነው።

ከዚያ መከራው መጣ። በሞካ ወደብ በሜይ 25 ፎን ሃቨን በወባ ሞተ። የቀሩት ወደ ሰንዓ መንገድ ጀመሩ። ታዒዝ ሲደርሱ ፎርስኮል ሰብር የተባለውን ተራራ ለመውጣት እጅግ ጓጓ፤ ሳይሳካለት ቀረ። ትንሽ ቆይቶ እሱም በወባ ወደቀ። በግመል ጀርባ ተጭኖ ያሪም ከተባለችው ከተማ ደረሰና በጁላይ 11 ቀን 1763 ሞተ። ዕድሜው 31 ነበር። ሠዓሊውና አገልጋዩ በነሐሴ ወር ወደ ሕንድ በሚሄደው መርከብ ላይ ሞቱ፤ ሐኪሙ በተከታዩ ዓመት በቦምቤይ ሞተ። ከስድስቱ ኒቡር ብቻ ተረፈና በ1767 ብቻውን ኮፐንሃገን ገባ።

ከሞተ በኋላ

ፎርስኮል የተወው የተበታተነ ማስታወሻና የደረቀ ቅጠል ነበር። ኒቡር የጓደኛውን ሥራ ሰብስቦ በ1775 አሳተመው፤ አንዱ መጽሐፍ ስለ እንስሳት፣ ሌላው ስለ ግብፅና ዐረብ ዕፅዋት። ዋርካና ሾላ፣ ቀለዋና ጫት ከሞተ ከ12 ዓመት በኋላ በዚያ መጽሐፍ ወጡ። ሊኔየስም ተማሪውን አልረሳውም። ፎርስኮል ከግብፅ ከላከው ዘር የበቀለውን፣ ልብስ ላይ የሚጣበቅና የሳማ ዘመድ የሆነውን ዕፅ በስሙ ጠራለት፤ ሁለተኛውንም ቃል አጥብቆ የሚይዝ የሚል አደረገው። መምህሩ የተማሪውን ጠባይ ያውቅ ነበር።

የትውልድ ሐረግ

አሁን ወደ ሰሌዳው ዛፍ እንመለስ። በፎርስኮል መጽሐፍ ውስጥ ጫት የተመደበው አምስት ስታሜን ካላቸው ዕፅዋት ጋር ነው። ጫቱን ለቅጠሉ ስለምንቀጥፈው አበባውን የምናይ ጥቂቶች ነን፤ ሆኖም ጥቃቅንና ነጣ ያለ፣ አምስት ዘንግ ያለው አበባ አለው። የቡናም አበባ አምስት ዘንግ ነው ያለው። ስለዚህ በገለምሶ ማሳዎች ጎን ለጎን የምናውቃቸው ሁለቱ ተክሎች በሊኔየስ ዘዴ የአንድ ክፍል ልጆች ነበሩ።

በ1859 ዳርዊን ዝርያዎች ከጋራ ቅድመ አያት እየተለዩ የመጡ ናቸው የሚለውን መጽሐፉን ካሳተመ በኋላ ግን የአመዳደብ ጥያቄው ተለወጠ። ተመራማሪዎች አንድ ዕፅ ስንት ዘንግ አለው ከማለት ከማን ጋር አንድ አያት ይጋራል ማለት ጀመሩ። ይህ በምን ይታወቃል የሚለውን በሥርዓት ያስቀመጠው ቪሊ ሄኒግ የተባለ ጀርመናዊ የነፍሳት ተመራማሪ ነው፤ መጽሐፉ በ1950 ወጣ።

የሄኒግን ሐሳብ በላብ ሪፖርት እናስረዳው። ሁለት ተማሪዎች ትክክለኛውን መልስ ቢጽፉ አንዱ ከሌላው ኮረጀ ማለት አይቻልም፤ ሁሉም የሚደርስበት መልስ ነውና። ሁለቱም በሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ ዓይነት እንግዳ ስሕተት ቢሠሩ ግን መምህሩ አይጠራጠርም፤ ከአንድ ወረቀት የተቀዱ ናቸው። በመድረሳም እንዲሁ ነው። በእጅ የተገለበጡ ሁለት ኪታቦች አንድ ዓይነት መስመር ዘልለው ቢገኙ፣ ሁለቱም ያንን መስመር ከዘለለ አንድ ቅጂ የመጡ መሆናቸውን ደረሳው ይረዳል። ሄኒግም ያለው ይህንኑ ነው። ብዙዎች ከጥንት ጀምሮ የሚጋሩት ባሕርይ የቅርብ ዝምድናን አያሳይም፤ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አዲስ ሆኖ የተጀመረ ባሕርይ ግን ያሳያል። አንድ ምድብም እውነተኛ ምድብ የሚሆነው አንድን አያትና ልጆቹን ሁሉ ምንም ሳያስቀር ሲይዝ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ዋርካ ነው። ዋርካ፣ ሾላ፣ በበዴሳ በኩል ያለው ኦዳ ቡልቱም የተጠራበት የኦዳ ዛፍ፣ እንዲሁም በለስ ሁሉም አንድ ነገር ይጋራሉ፤ አበባቸው ከፍሬው ውስጥ ተደብቆ ነው የሚያብበው። ውጭ ሆኖ አበባቸውን ያየ ሰው የለም። በትንሽ ቀዳዳ የሚገቡ ጥቃቅን ተርቦች ናቸው የሚያራቡት። ይህን የመሰለ ነገር በሌሎቹ ዛፎች ዘንድ የለም፤ ስለዚህ ባዮሎጂስቶች ከአንድ አያት የመጡ አንድ ወገን ናቸው ይላሉ። የዲ.ኤን.ኤ. ንጽጽርም ይህንኑ አጸና።

ጫትና ቡና ግን ተለያዩ። አምስት ዘንግ በጣም ብዙ የአበባ ዕፅዋት የሚጋሩት ቁጥር ነው፤ እንደ ትክክለኛው መልስ ነው፣ ዝምድና አይመሰክርም። በትውልድ ሐረግ ሲታይ የጫት ዘመድ በየአጥሩ ያለው እሾሃማው አታት፣ በኦሮምኛ ኮምቦልቻ የምንለው ነው። ቡና ደግሞ ከሌላ ትልቅ ቅርንጫፍ ላይ ነው። እሱ ራሱ የሁለት ሌሎች የቡና ዝርያዎች ድብልቅ ሆኖ የተገኘ ነው፤ ሐረግ ሁልጊዜ እየተለየ ብቻ አይሄድም፣ አንዳንዴ ይገናኛል። ቡና ከሚገኝበት ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አንድ ዛፍ አለ፤ ቅርፊቱ ኪኒን የሚወጣበት ነው። የወባ መድኃኒት ማለት ነው። ፎርስኮል በቡና ተራሮች ላይ ሲዞር ቆይቶ የሞተበት በሽታ መድኃኒት ከቡና ዘመድ የሚገኝ ነበር።

ለእኛስ?

የዶርሙ ክርክር ተቋጨ ብለን አንዋሽም። ስለ አባታችን አደም (ዐ.ሰ.) አፈጣጠር እምነታችን ከቁርኣን የተወሰደ ነው፤ ጥያቄው ሲመጣ ወደ ዑለማዎቻችን እንሄዳለን። ሆኖም የዋርካን ዘመዶች ለመለየት የተሠራውን ሥራ ሳይመረምር የሚያጣጥል ተማሪ፣ የድልድይ ስሌት ሳይሠራ ድልድዩ ይወድቃል የሚል መሐንዲስን ይመስላል። አባቶቻችን እንዲህ አልነበሩም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን አል-ጃሒዝ ስለ እንስሳት፣ አድ-ዲነወሪ ስለ ዕፅዋት ትላልቅ ኪታቦችን ጽፈዋል፤ ያዩትን፣ የሰሙትንና የጠየቁትን መዝግበዋል።

ከፎርስኮል ሕይወት እኛን የነካን ሌላ ነገር አለ። ቃት የሚለው ስም የቀረው አንድ ሰው ጠይቆ ስለጻፈው ነው። የነገሩት ገበሬዎች ስም ግን በመጽሐፉ ሽፋን ላይ የለም። ዛሬ በጨርጨር ተራሮች ላይ የትኛው ቅጠል ለሆድ ቁርጠት፣ የትኛው ለከብት ቁስል፣ የትኛው ለማጠኛ እንደሚሆን የሚያውቁት አያቶቻችን ናቸው። እነሱ ሲያልፉ ስሞቹ አብረው ይሄዳሉ። የሚጽፍላቸው ሰው ከኮፐንሃገን እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም፤ የእነሱን ቋንቋ የምንናገረው እኛ ነን።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለን። በሚቀጥለው እረፍት ወደ ጭሮ፣ ወደ ዶባ፣ ወደ ሜኤሶ፣ ወደ ቦኬ የምትሄዱ እህቶችና ወንድሞች፣ እያንዳንዳችሁ ከእናት፣ ከአያት ወይም ከመንደር ሽማግሌ ዘንድ ተቀምጣችሁ የ10 ዕፅዋት ስም ጠይቁ። በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ የሚታወቅ ከሆነም በዐረብኛ ጻፉት። የት እንደሚበቅል፣ ለምን እንደሚውል ጨምሩበት። አንድ ቅጠል በወረቀት መሀል አድርቁ። የነገራችሁንም ሰው ስም፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ፣ ከላይ ጻፉ። ስትመለሱ አንድ ላይ አሰባስበን ለባዮሎጂ መምህራን እናሳያለን፤ ኢንሻአላህ በሌላ እትም ያገኘነውን እናካፍላችኋለን።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።